ሥራውን ወድዶ ሠሪውን መናቅ

በመርሐ ቤቴ፣ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ በላይ በምትገኘው በዓለም ከተማ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ገበያ ሁሉ፣ ምጣድ የምትገዛ ባለቤት ዕቃውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሳትሰማ ዋጋውን አትከፍልም። ድምፁ የጠራ እንደ ሆነ ሸክላው አልተሰነጠቀም ማለት ነው። የምጣዱን ድምፅ ይህን ያህል ተጠንቅቀን የምንሰማ ሰዎች የሠሪዪቱን ድምፅ ሰምተን እናውቃለን ወይ? ይህ ጥያቄ ለገበያተኛው ብቻ ሳይሆን ለደራሲያንም የሚቀርብ ነው።

ሸክላ ሠሪዪቱ አፈሩን ቈፍራ በጀርባዋ ታመጣለች፤ ወቅጣና ነፍታ ታቦካዋለች፤ በእጇ ቅርጽ ታወጣለታለች፤ ካደረቀችውም በኋላ በኩበትና በእንጨት ስትተኩሰው ጢሱን በዐይኗና በሳንባዋ ትቀበላለች። ቆዳ የሚያለፋው ሰው ከግማቱ ጋራ ይውላል፤ ብረት የሚቀጠቅጠውም ከፍሙ ጋራ ይታገላል። ያለ እነዚህ ሰዎች ገበሬው ማረሻ፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስርበትም ምራን፣ ሚስቱም የምትጋግርበት ምጣድ ባልኖራቸው ነበር። ለዚህ ሁሉ ድካም የሰጠናቸው ምስጋና ግን «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» የሚል ስም ነው።

የቃሉን ነገር ጥቂት እንመርምር። ጥንታዊው ሥነ ጽሑፋችን የተጻፈው በብራና ላይ ነው። ብራና ደግሞ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ተነክሮ፣ በእንጨት ተወጥሮና ተፍቆ የሚዘጋጅ ነው። እንግዲህ አንዱ ፍቆ ለዳዊት የሚሆን ብራና ሲያወጣ ይከበራል፤ ሁለተኛው ፍቆ ለገበሬው ምራን ሲያወጣ ይሰደባል። ሁለቱም ቆዳ ሲፍቁ ልዩነቱ ከወዴት መጣ? ከሥራው ሳይሆን ከአፋችን የመጣ ይመስለኛል።

ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩን ተረድተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ለዘመኑ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ስድቡ ከዐዋጁ በኋላም ኖረ። ዐዋጅ አፍን ሊያስፈራ ይችላል፤ ልብን ለማቅናት ግን ድርሰት ያስፈልጋል።

ድርሰታችንስ ምን አደረገ? ለጀግናውና ለመኳንንቱ ብዙ ቀለም ፈስሷል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ስለ ተጐተተው ስለ ሴባስቶፖል ስንተርክ ዐፄ ቴዎድሮስን እናነሣለን፤ በጋፋት እቶኑን ያነደዱትን ሠራተኞች ግን በስም የሚጠራቸው ማን ነው? በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ረገድ መንገድ ከፍቷል፤ ሰውን በትውልዱ የሚመዝነውን ሥርዐት በጉዱ ካሳ አንደበት ወቅሷልና። ሆኖም ወቃሹ ራሱ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው። ሸክላ ሠሪዪቱ ስለ ራስዋ የምትናገርበት ልብ ወለድ ባነበብኋቸው መካከል አላጋጠመኝም።

አንዳንድ ጸሐፊ ደግሞ ስድቡን በውዳሴ ብቻ ሊተካ ይሞክራል። ድካሙን ቅዱስ፣ ድህነቱንም ጌጥ ያደርገዋል። ጢሱን የማይቀንስ፣ የምጣዱንም ዋጋ የማያሳድግ ውዳሴ ልብሱን የለወጠ ንቀት ነው። እውነተኛ አክብሮት ሥራውን ከማወቅ ይጀምራል፤ ይኸውም የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ፣ ሠሪዪቱ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት እንደ ፈጀባት፣ በስንትስ ብር እንደ ሸጠችው ጠይቆ መጻፍ ነው።

ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም። ዛሬም በየከተማው ደጃችንን የሚያጸዳልንን ሰው በሚያነሣው ቆሻሻ ስም የምንጠራ አለን። የሸክላ ሠሪ ልጅ በትምህርት ቤት የእናቷን ሥራ ስትጠየቅ አንገቷን የምትደፋ ከሆነ ጥፋቱ የእናቲቱ አይደለም፤ ያን ሥራ በክብር የሚናገር ገጽ ያላዘጋጀን የእኛ የጸሐፊዎችና የመምህራን ነው። ገጹን እንጻፈው፤ ልጂቱም ቀና ብላ ታንብበው።