«ለሥነ ጽሑፍ ላበረከቱት አገልግሎት»፦ በእንግሊዝ የኒሻን ዝርዝር ላይ የቀረበ ሂስ

ሂስ የሚጻፈው በልብ ወለድና በግጥም ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኛ ዛሬ ልንተቸው ያነሣነው ጽሑፍ አዘጋጆቹ ብዙ፣ ሰጪው አንድ፣ ታሪክ የሚባል ነገር የሌለው፣ ባለስሞቹ ግን በየእትሙ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ አንዴ ደግሞ በጁን የንጉሡ ልደት በሚከበርበት ሰሞን። (ንጉሥ ቻርልስ የተወለዱት እንኳ በኖቬምበር ነው፤ ልደታቸው ግን ለሰልፉ አየሩ ደህና በሚሆንበት ወር ይከበራል። ይሁን።) የእንግሊዝ ዘውድ የሚሰጠው የኒሻንና የማዕረግ ዝርዝር ማለታችን ነው። የሚታተመው «ለንደን ጋዜት» በተባለው የመንግሥት ጋዜጣ ስለሆነ ነጋሪት ጋዜጣን ያየ ሰው መልኩን ለመገመት አይቸገርም።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በዝርዝሩ ውስጥ ደራስያን አሉበትና ያገባናል። ከደራሲው ስም ቀጥሎ አንዲት ሐረግ ትገባለች፤ «ለሥነ ጽሑፍ ላበረከቱት አገልግሎት» ትላለች። ሳልማን ሩሽዲ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ሰር» ሲባል የተጻፈችው ይህችው ሐረግ ነች።

አገልግሎት የሚለውን ቃል በአማርኛችን ገለጥ አድርገን ብናየው ከሥሩ አገልጋይ ብቅ ይላል። አገልጋይ ካለ ደግሞ ጌታ አለ። ጌታው ማነው? ሐረጓ «ለሥነ ጽሑፍ» ትበል እንጂ ኒሻኑን የሚሰጠው ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሰይፍ መዝዞ የተንበረከከ ሰው ትከሻ አይነካም። እንግዲህ የተገለገለው አንዱ፣ ደመወዝ ከፋዩ ሌላ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ ገበያ ላይ ቢገጥመን ደላላ አለበት እንል ነበር።

ደላላውም እኮ ነበረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ማዕረግ እንደ ሸቀጥ ሲያስቸበችብ፣ ሞንዲ ግሪጎሪ የሚባለው ሰው መሐል ሆኖ ያዋውል ነበር። ሰርነት አሥር ሺህ ፓውንድ ያህል ያወጣ ነበር ይባላል። ነገሩ ሲገማ በ1925 የማዕረግ ሽያጭን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ግሪጎሪም በ1933 በዚሁ ሕግ ተፈረደበት።

ከኒሻኖቹ ብዙ ሰው የሚያገኘው የብሪታንያ ኢምፓየር ኒሻን የሚባለው ነው። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1917፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ አቋቋሙት። አምስት ደረጃ አለው፤ ከታች ሲቆጠር አባል፣ መኮንን፣ አዛዥ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ጥንቸልና ስለ ድመት ለሕፃናት የጻፈች አንዲት ሴት ኦ.ቢ.ኢ. ስትባል የኢምፓየር መኮንን ሆነች ማለት ነው። መሪ ቃሉ «ለእግዚአብሔርና ለኢምፓየሩ» ይላል። ኢምፓየሩ የለም፤ መሪ ቃሉ ግን አለ። በ2004 የፓርላማ ኮሚቴ ይህ «ኢምፓየር» የሚለው ቃል እንዲለወጥ ሐሳብ ቢያቀርብ ሰሚ አላገኘም።

እስካሁን ያልነው የታተመውን ነው። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ነገር ግን ያልታተመው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ስሙ ከመውጣቱ በፊት ለታጨው ሰው በምስጢር ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ «ቢሰጥዎ ይቀበላሉ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሺ ካለ ስሙ ይወጣል። እምቢ ካለ ስሙም አይወጣ፣ እምቢታውም አይወጣ። ዝርዝሩ ምንጊዜም እሺ ባዮችን ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ አንባቢውም አገር ምድሩ በደስታ የተቀበለ ይመስለዋል። ብልኃቱ ይሄ ነው። የእኛው ሳንሱር የተጻፈውን ይቆርጥ ነበር፤ የእንግሊዙ ቤተ መንግሥት ከመጻፉ በፊት ጠይቆ ይተዋል። ጨዋነት ይሉታል።

ምስጢሩ ግን ለዘላለም አልቆየም። በ2003 መጨረሻ ከፊሉ ሾልኮ ለጋዜጣ ደረሰ፤ በ2012 ደግሞ መንግሥት ራሱ ከ1951 እስከ 1999 ኒሻን አልቀበልም ብለው ከዚያ በኋላ የሞቱ የ277 ሰዎችን ስም አወጣ። እነማን የሉበትም! ኦልደስ ሀክስሊ አለ፣ ሮበርት ግሬቭስ አለ፣ ሲ. ኤስ. ሉዊስ አለ፣ ሮልድ ዳል አለ። ሠዓሊው ሎውሪ አምስት ጊዜ ተጠይቆ አምስቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል።

ይህን ስናነብ «አበጀህ!» ለማለት ቸኩለን ነበር፤ ነገር ግን እምቢታ ሁሉ አንድ አይደለም። ኢቭሊን ዎ በ1959 ሲ.ቢ.ኢ.ን የገፋው ንጉሣዊነት ጠልቶ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን ያማረው ሰር መባል ነበር። ገጣሚው ፊሊፕ ላርኪን በ1968 ኦ.ቢ.ኢ. ሲሰጡት እምቢ አለ፣ በ1975 አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ሲሰጡት ተቀበለ። ይሄ እንግዲህ እምቢታ ሳይሆን ዋጋ መከራከር ነው። ምስጢሩም ይህን ዓይነቱን ሰው ይጠቅመዋል፤ ሰጪውም አያፍር፣ ተቀባዩም አያፍር።

ምስጢሩን የሰበሩት ሌሎች ናቸው። ራቢንድራናት ታጎር በ1915 ሰር ተባለ። በኤፕሪል 1919 በአምሪትሳር ከተማ የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ተኩሶ በመቶ የሚቆጠር ሰው ሲገድል፣ ታጎር በቀጣዩ ወር መጨረሻ ለእንደራሴው ደብዳቤ ጽፎ ማዕረጉን መለሰ። ደብዳቤውም አደባባይ ወጣ። ቤንጃሚን ዘፋንያ ደግሞ በ2003 ኦ.ቢ.ኢ. ሲታጭ በምስጢር «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ሲችል በ«ጋርዲያን» ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ኢምፓየር የሚለው ቃል ባርነትን፣ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስቃይ እንደሚያስታውሰው ተናገረ፤ በፖሊስ እጅ ስለሞተ ዘመዱም አነሣ። እስከ ሞተበት እስከ 2023 ድረስ ቃሉን አላጠፈም። ጆን ሌነንም አለ፤ በ1965 የተቀበለውን ኤም.ቢ.ኢ. በ1969 ሲመልስ ቢያፍራንና ቬትናምን ምክንያት አድርጎ፣ በዚያው ላይ አዲሱ ዘፈኑ ገበያ መቀዝቀዙን ጨመረበት። ቀልዱ የራሱን ቁም ነገር አረከሰበት የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ሳቅንለት።

በእኛ ሚዛን የዘፋንያ እምቢታ ከሎውሪ አምስት እምቢታዎች ይከብዳል። ሎውሪ የተሻለ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ዝምታው ግን ዝርዝሩን አልነካውም። ዘፋንያ ዝርዝሩ የደበቀውን ገጽ አውጥቶ አነበበው።

ይህ ማለት ግን የተቀበለ ሁሉ ተሸጠ ማለት አይደለም፤ ይህን ክርክር በሻይ ክበብ ስንሰማው ሰልችቶናል። ሃሮልድ ፒንተር በ1966 ሲ.ቢ.ኢ. ተቀብሏል፣ በ1996 ሰርነትን እምቢ ብሏል፣ በ2002 ደግሞ ሌላ የክብር ማዕረግ ወስዷል፤ ሆኖም በኢራቅ ጦርነት ጊዜ መንግሥቱን እንደ እሱ አምርሮ ያወገዘ ደራሲ ጥቂት ነው። ዶሪስ ሌሲንግ በ1977 የኢምፓየሩን ኒሻን፣ በ1992 ዴም መባልን ገፍታ፣ በ1999 መጨረሻ ላይ ኢምፓየር የሚል ቃል የሌለበትን ማዕረግ ተቀበለች። በእሷ ነገር እኛም እርስ በርሳችን አልተስማማንም። ግማሾቻችን «ቃሉን ነው የጠላችው፣ ልክ ናት» አልን፤ ግማሾቻችን «ቃሉ ቢቀየር ሰጪው ያው አይደለም ወይ?» አልን።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ሹመት ያዳብር» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ ልጆች ነን። አዝማሪው ከጌታው ካባ ተሸልሞ፣ በዚያው ምሽት በሰሙ አወድሶ በወርቁ ሸንቆጥ ያደርገው ነበር፤ እንግሊዞቹ ይህን ጥበብ ቢያውቁት ኖሮ ምስጢራዊ ደብዳቤ ባላስፈለጋቸውም ነበር። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በየዓመቱ ይሸልም ነበር። ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ አፈወርቅ ተክሌ በሥነ ጥበብ መጀመሪያ ከተሸለሙት ናቸው። በ1966 ተራው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሆነ፤ ገና የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር። ያው ጸጋዬ በዚያው መንግሥት ዘመን ተውኔቶቹ በሳንሱር የተቆረጡበትና የታገዱበት ሰው ነው። በአንድ እጅ ሜዳልያ፣ በሌላው እጅ ቀይ እርሳስ። የትኛው እጅ እንዳነበበው፣ የትኛው ሳያነብ እንደሸለመው ሥራዎቹን ከታገዱበት ጊዜ ጋር እያስተያየ የሚመረምርልን ጓደኛ ቢገኝ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው።