ከፋዩ ማን፣ ወሳኙ ማን? የሮማ ትምህርት ቤቶች ደንብና እኛ

(ከሮማ፣ ኢጣሊያ)

ሮማ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ቡና ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አዲስ አበባ ይገባል። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ምርጫ ቦርዱ ምን አለ እያልን እንከራከራለን። መከራከራችን ክፉ አይደለም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዜግነት ሳንጠየቅ፣ የመኖሪያ ዘመናችን ሳይቆጠር፣ ልጅ ስላለን ብቻ ድምጽ የምንሰጥበትና ራሳችንም የምንመረጥበት አንድ ምርጫ እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ከመካከላችን ስንቱ ሰው ድምጽ ሰጥቶበት ያውቃል?

የምናገረው «ኮንሲሊዮ ዲስቲቱቶ» ስለሚባለው የትምህርት ቤት ምክር ቤት ነው። በኢጣሊያ ሕግ አንድ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የርእሰ መምህሩ ርስት አይደለም። ምክር ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1974 በወጣ ድንጋጌ ሲሆን ዛሬ የሚሠራበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጠቃለለው ድንጋጌ ቁጥር 297 ነው። ከ500 በላይ ተማሪ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክር ቤቱ 19 ወንበር አለው፤ 8 መምህራን፣ 2 የአስተዳደር ሠራተኞች፣ 4 ወላጆች፣ 4 ተማሪዎችና ርእሰ መምህሩ። ሊቀ መንበሩ ግን ከወላጆቹ መካከል ካልሆነ አይመረጥም። ስብሰባውም ስለ ግለሰብ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ዝግ አይደለም፤ መራጭ የሆነ ሁሉ ገብቶ ቁጭ ብሎ መታዘብ ይችላል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት ከጎኑ ያለውን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የዜግነት ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ለማመልከት ብቻ 10 ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት መቆየት አለበት፤ ይህን ወደ 5 ዓመት ለማውረድ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የተጠራው ሕዝበ ውሳኔ በቂ መራጭ ባለመውጣቱ ወድቋል። የሮማ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የውጭ ዜጎች የሚመርጧቸው «ተጨማሪ» የምክር ቤት አባላት አቋቁሞ ነበር፤ መናገር ይችሉ ነበር፣ ድምጽ መስጠት ግን አይችሉም ነበር። የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ከነዚህ ሁሉ ይለያል። አንዲት በአረጋዊ እንክብካቤ የምትተዳደር እናት ድምጿ ከሐኪሙና ከጠበቃው ድምጽ ጋር እኩል የሚቆጠርበት የመንግሥት ተቋም ይኸው ነው፤ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

በሙያዬ ኢንጂነር ነኝ። ደንብ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ጭነቱ በየት አልፎ የት እንደሚያርፍ ነው። ስለዚህም ከትምህርት ሕጎቹ ሁሉ ይልቅ የሳበኝ የሒሳብ ደንቡ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2018 የወጣው ቁጥር 129 ነው። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ግን በጥሩ እጅ የተሠራ ነው። ርእሰ መምህሩ የዓመቱን በጀት እስከ ኖቬምበር 30 ያዘጋጃል፤ ምክር ቤቱ እስከ ዲሴምበር 31 ያጸድቃል (ሚኒስቴሩ ቀኑን ማራዘም ቢያበዛም)። ሒሳቡን ሁለት ኦዲተሮች ይመረምራሉ፤ አንዱ ከትምህርት ሚኒስቴር፣ ሌላው ከኢኮኖሚ ሚኒስቴር። ከ10,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ግዢ ርእሰ መምህሩ ብቻውን መንገድ አያወጣም፤ መመዘኛውን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። የተዘጋው ሒሳብ እስከ ኤፕሪል 30 ለምክር ቤቱ ቀርቦ ከጸደቀ በኋላ ማንም እንዲያየው ይወጣል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን በጀቱ ባይጸድቅስ የሚለውን ነው። ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፤ ያለፈውን ዓመት በጀት አንድ አሥራ ሁለተኛ በየወሩ እየቆረጠ ለአስፈላጊ ሥራ ብቻ ያወጣል፤ ነገሩ ከተጓተተም የክልሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኮሚሽነር ይልካል። ሰዎች እንደሚጣሉ፣ እንደሚሰንፉ፣ ስብሰባ እንደሚቀሩ አስቀድሞ አውቆ የተጻፈ ደንብ ነው። እኛ ሀገር ደንብ የሚጻፈው ሁሉም ሰው መልካም እንደሆነ ተቆጥሮ ነው፤ አንዱ የከፋ ቀን ደንቡም አብሮት ይሞታል።

ሆኖም ሙገሳው እዚህ ላይ ይቁም። ይህ ምክር ቤት የሚያጸድቀው በጀት ከትምህርት ቤቱ እውነተኛ ወጪ ትንሹ ቁራጭ ነው። የመምህራኑን ደመወዝ መንግሥት በቀጥታ ይከፍላል፤ መምህር መቅጠርም ሆነ ማሰናበት የምክር ቤቱ ሥልጣን አይደለም። ሕንጻው፣ ማሞቂያው፣ መብራቱና ስልኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ቁጥር 23 መሠረት የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ዕዳ ነው፤ ሮማ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ይህ ኃላፊነት የሮማ ዋና ከተማ ሜትሮፖሊታን አስተዳደር ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አስተዳደሩ ተራ ይይዝለታል፤ ልጆቹ ባልዲ ያስቀምጣሉ። ኃላፊነት ሦስት ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ ሁለቱን ይጠቁማል።

ታዲያ ለምክር ቤቱ ምን ቀረለት? አንደኛው ነገር ወላጅ የሚከፍለው «የፈቃድ መዋጮ» ነው። እዚህ ላይ ወገኖቼ በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ብዙዎቻችን በዚህ እንታለላለን። በሁለተኛ ደረጃ ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ ሲሆን ጥቂት ነው፤ መመዝገቢያው 6.04 ዩሮ፣ የዓመቱ መከታተያ 15.13 ዩሮ። የቤተሰቡ የ«ኢዜ» ምስክር ወረቀት ከ20,000 ዩሮ የማያልፍ ከሆነ እሱም ይቀራል። ከዚህ በላይ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው፣ በአንዳንድ ሊቼዮ መቶ ዩሮ የሚደርሰውም ጭምር፣ መዋጮ ነው፤ ግዴታ አይደለም። ሚኒስቴሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ባወጣቸው ደብዳቤዎች ምዝገባን ከመዋጮ ጋር ማያያዝ እንደማይፈቀድ ለትምህርት ቤቶች አሳስቧል። ለልጄ ምዝገባ ከተሰጡኝ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ግን «በፈቃድ» የሚለው ቃል በደቂቅ ፊደል ከገጹ ግርጌ ተቀምጦ፣ የገንዘቡ መጠንና የመክፈያው ቀን በደማቁ ከላይ ነበር። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጠባይ አይደለምና።

አትክፈሉ ማለቴ አይደለም። የላቦራቶሪው ዕቃ፣ ኮምፒውተሩና የፎቶ ኮፒው ወረቀት በአብዛኛው ከዚህ መዋጮ እንደሚገዛ አውቃለሁ፤ እኔም እከፍላለሁ። ነገር ግን መዋጮ ባለበት ሁሉ ፓሪዮሊ ያለ ሊቼዮና ቶር ቤላ ሞናካ ያለ የሙያ ትምህርት ቤት እኩል እንደማይሆኑ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ትምህርት ቤት ለሁሉም ክፍት ነው ይላል፤ የመዋጮው ሣጥን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰውን ይለያል። ልዩነቱ እንዴት እንደሚታሰብ ያወቅነው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። በሰሜን ሮማ ያለ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት (የሕጻናትና የመካከለኛ ደረጃ ነው) በድረ ገጹ ላይ ቅርንጫፎቹን በቤተሰብ መደብ ከፋፍሎ ገልጾ ተገኘ፤ በአንደኛው ቅርንጫፍ የከፍተኛው መደብ ልጆች፣ ከነሱም ጋር የነዚያው ቤተሰቦች የቤት ሠራተኞች፣ አስታማሚዎችና ሾፌሮች ልጆች አሉ ይል ነበር። ሀገር ተንጫጫ፣ ጽሑፉ ተነሣ። ከእኛ እናቶች ስንቷ እንጀራዋን የምታገኘው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከተጠራው ሥራ ነው? እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፈው ወንበሩ ላይ የተጻፈባቸው ሰዎች ባልተቀመጡበት ቦታ ነው።

ለምን አልተቀመጡም ቢባል አንዱ ምክንያት ከደንቡ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የምርጫ ትእዛዝ መሠረት የምክር ቤት ምርጫ የሚደረገው እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ሰኞ ደግሞ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ነው። እሑድ ጠዋት የእኛ እናት ቅዳሴ ላይ ናት። ሰኞ ጠዋት አሮጊቷን ወይም ሽማግሌውን እያጠበች ነው። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች እሷን ሊያስወጡ አስበው አይመስለኝም፤ አላሰቧትም። ጣሊያኑም ቢሆን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1975 የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ እየተጋፋ ወጥቶ መርጦ ነበር፤ አሁን ግን ቀዝቅዞበታል። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ጥቂት ትጉ ቤተሰቦች ወንበሩን ለሦስት ዓመት ይይዙታል። በነሱ አልፈርድም፤ ቢያንስ እነሱ መጥተዋል።

ከላይ የጠቀስኩት 1974 ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ትዝታ አለው። ኢጣሊያ ከ1968ቱ የተማሪዎች አመጽ በኋላ ጩኸቱን ወደ ምክር ቤት ስታስገባ፣ በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት ፈነዳ። ጥናቱ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ሕዝብ የሰማው ግን ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ወላጁ የገባው ልጄ ከዝቅተኛ ክፍል አልፎ እንዳይማር ሊከለከል ነው የሚል ነበር፤ መምህራኑም አልተማከርንም አሉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የታክሲ ሾፌሮችም በቤንዚን ዋጋ ምክንያት በዚያው ቀን ቆሙ። የቀረውን ሁላችንም እናውቃለን። ጥናቱ ውስጥ ለገጠር ልጆች የሚበጅ ብዙ ሐሳብ ነበረበት የሚሉ ምሁራን አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ከፋዩና ልጁን ላኪው ያልተጠየቀበት ጥሩ ሐሳብ እንደ መጥፎ ሐሳብ ይወድቃል።

ደርግ ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ ስለማስተዳደር አዋጅ አወጣ፤ በ1976 ዓ.ም.ም አዋጅ ቁጥር 260 ተጨመረ። ወንበሩ ግን ከቀበሌ፣ ከወጣትና ከሴቶች ማኅበር ለሚላኩ ተወካዮች ነበር፤ ወላጅ የሚወከለው በልጁ ሳይሆን በማኅበሩ ነው። ኢሕአዴግ በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲው እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነጻ ነው አለ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ወጣ። መመሪያው የወላጅና መምህራን ኅብረትን ያውቃል፤ ተማሪውም በኋላ ተጨምሮበት ወተመህ የሚል ስም ወጣለት። በወረቀት ላይ ከኢጣሊያው ብዙም አያንስም። ችግሩ ከበላዩ ያለውን የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በተለምዶ የሚመራው የቀበሌው ሹም መሆኑ ነው። አንድ ገበሬ ለክፍል ማሠሪያ ብር አምጣ ሲባል፣ የሚጠይቀው ሰው ማዳበሪያ የሚያድለውም ሰው ከሆነ፣ ያ መዋጮ በፈቃድ ነው ወይ?

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ሁሉንም በአስተዳደር ላይ መጣል አይቻልም፤ ጦርነት አለ፣ ድህነት አለ፤ አማራ ክልል ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በሩን ከዘጋው ትምህርት ቤት ብዛት የተነሣ ስለ ምክር ቤት ማውራት ቅንጦት የሚመስልባቸው ወረዳዎች አሉ። ቢሆንም ከ1,328 ትምህርት ቤቶች ወላጆች ፊት ቆሞ «ለምን?» ተብሎ የተጠየቀ ማነው? መንግሥት በዚያው ዓመት «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ሕዝቡንና ዳያስፖራውን ለሕንጻ እድሳት ጠራ። ቀለም ተቀባ፣ ጣሪያ ተቀየረ፣ ሪባን ተቆረጠ። ደግ ሥራ ነው። ጥሪው ግን ስለ ገንዘብና ስለ ጉልበት ነበር፤ ስለ ወሳኝነት ምንም አላለም።

እኛም በውጭ ያለን ከዚያ የተሻልን አይደለንም። በየከተማው የተወለድንበትን አካባቢ ትምህርት ቤት ለመርዳት ማኅበር እናቋቁማለን፤ ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ቲኬት ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ይላካል። ፎቶ ይመጣል። ሪፖርት የሚባለው ያ ፎቶ ነው። ድልድይ ሠርቼ ለባለቤቱ ፎቶ ብቻ ብልክለት ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር። የመረዳጃ ማኅበሮቻችን ለርእሰ መምህሩ ወይም ለወረዳው ከመላካቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ቢያስቀድሙ ብዙ ይለወጣል ባይ ነኝ፤ ይህን ገንዘብ ያጸደቀው የወላጆች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የታለ? የወጪው ዝርዝር በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ ኦሮሚያ ከሆነ በኦሮምኛ፣ ይለጠፍ። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም፤ ማጣበቂያ ይበቃል።

እዚህ ሮማ ላይ ደግሞ ለምክር ቤቱ የዕጩዎች ዝርዝር ለማቅረብ ከመቶ በላይ መራጭ ባለበት ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው የ20 መራጮች ፊርማ ነው። ሃያ። ከአበሻ ብቻ መሆን የለበትም፤ ፊሊፒኖዋም፣ ፔሩዋዊውም፣ የሮማው ተወላጅ ባለ ሱቅም ይፈርማል። ሦስት ዓመቱ በሞላበት ትምህርት ቤት ምርጫው የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ነው። ቀኑን ከትምህርት ቤቱ ሴግሬቴሪያ መጠየቅ ይቻላል። ቀሳውስቶቻችን ደግሞ በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ወጥታችሁ ድምጽ ስጡ፣ ያልተመቸው ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ይሂድ ብለው ቢያውጁልን ምን ይጎዳል?