ቦርሳውን ማን ተሸከመው?

ሰሞኑን የፊልም ጽሑፍ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ አንድ ፊልም አየሁ። ኑሮ ያንገሸገሻቸው ሦስት ጓደኛሞች የተዘረፈ 5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛሉ። አንዷ ገንዘቡ ያለበትን ሻንጣ በአንድ እጇ አንጠልጥላ አጥር ዘለለች፤ ወጣቶቹም አጨበጨቡ። እኔ በሽቄ ወጣሁ።

ትወናው ይመር፣ ታሪኩ ልብ ይስቀል፣ ፖሊሱ ሞኝ አይሁን። ይህን ማንም ስለሚያውቀው አልዘገይበትም። እኔ የምመዝነው ሻንጣውን ነው።

አንድ የዶላር ኖት 1 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 1ዱም ባለ 100ውም ያው ነው። 1 ሚሊዮን ዶላር በባለ 100 ኖት 10 ኪሎ፣ በባለ 20 ኖት ደግሞ 50 ኪሎ ይሆናል። የዚያች ልጅ 5 ሚሊዮን ሁሉም ባለ 100 ቢሆን እንኳ 50 ኪሎ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአንድ እጁ ይዞ አጥር የዘለለ ሰው ካለ አምጡልኝ።

የሒሳብ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። የዚህ ዓይነት ታሪክ ሰዎች ድሆች ናቸው። ድሃ ትርፍ ክፍል የለውም፣ ካዝና የለውም፣ ሌሊት መኪና አስነስቶ ቢወጣ ጎረቤት ይጠይቀዋል። ገንዘቡ ከባድ ሲሆን አጋዥ ያስፈልጋል፤ ያገዘ ሁሉ ተካፋይ ነው፣ ተካፋይ ሁሉ ምስክር ነው። ክብደቱን ካወጣችሁት ፍርሃቱም አብሮ ይወጣል።

ሳም ራይሚ በ1998 የሠራውን «ኤ ሲምፕል ፕላን» እዩ። በሚኒሶታ በረዶ ውስጥ የወደቀች ትንሽ አውሮፕላን፣ የሞተ አብራሪ፣ 4.4 ሚሊዮን ዶላር። ያገኙት ሦስት ናቸው፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሥራ የሌለው ወንድሙና የወንድሙ ጓደኛ። የሒሳብ ሠራተኛው ሚስት ጥርጣሬ እንዳይነሳ ከገንዘቡ 500 ሺህውን ወደ አውሮፕላኑ መልሱ ብላ ትመክራለች። ሊመልሱ ሲሄዱ አንድ ጎረቤት ድንገት ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ገንዘብ ተሸክሞ መመላለስ ነው የገደለው። ጥሩ ሥራ ይህ ነው።

ይህን ዓይን የሰጡኝ ፒያሳ አካባቢ ካሴት ያከራዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ካሴት ስመልስ «እንዴት አገኘኸው?» አይሉኝም ነበር፤ «ቦርሳውን ማን ተሸከመው?» ነበር ጥያቄያቸው። መልሱ ከጠፋኝ ካሴቱን እንደገና ያስይዙኛል፣ ሒሳብም አይቀበሉም። «ልጄ፣ ሻንጣው አልጋ ላይ ሲወረወር ሰውየውን ተወው፤ ፍራሹን እይ» ይሉኝ ነበር። ፍራሹ ካልሰመጠ ውስጡ ጋዜጣ ነው። እሳቸው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የኩብሪክን የ1956 ፊልም «ዘ ኪሊንግ»ን ነበር። እዚያ ያሉት ገንዘብ ያገኙ ሳይሆኑ የዘረፉ ናቸው፤ ቢሆንም ሁሉን ነገር የሚያፈርሰው ሻንጣው አውሮፕላን ውስጥ ይዘውት እንዳይገቡ በጣም ትልቅ መሆኑ ነው። ለዕቃ ጫኚዎቹ ይሰጣል፣ ከጋሪው ይወድቃል፣ ይከፈታል፣ ኖቱ በሞተሩ ነፋስ ይበተናል። ጋሼ ያንን ቦታ እየመለሱ ያሳዩኝ ነበር።

የኮይን ወንድማማቾች በ2007 የሠሩት «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን»ም ይህን ፈተና ያልፋል። ሞስ የሚባለው ሰው ያገኘውን ሻንጣ በሞቴል የአየር ቱቦ ውስጥ ይደብቃል። ለማውጣት የድንኳን ምሰሶዎች አገጣጥሞ፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ አጥፎ መንጠቆ ይሠራለታል። ላብ አለው፣ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን።

ክብደቱን ማስቀረት የሚፈልግ ጸሐፊ ዋጋውን ይክፈል። በ1949 በወጣው «ቱ ሌት ፎር ቲርስ» ከሌላ መኪና የተወረወረ 60 ሺህ ዶላር የያዘ ቦርሳ በባልና ሚስት መኪና ውስጥ ይወድቃል፤ ባልየው ቦርሳውን ባቡር ጣቢያ ለዕቃ ጠባቂ ያስረክበዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚፈልገው አንዲት የዕቃ ማውጫ ቲኬት ናት። እሷ ግማሽ ኩንታል አትመዝንም፤ ግን ማን ኪስ ውስጥ እንዳለች ከማወቅ ውጪ ተመልካቹ ሌላ ሐሳብ አይኖረውም።