ማሳውን ያላየ የጤና ትምህርት

በ1995 ዓ.ም. በ16 ፓኬጆች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ዐቢይ ብርታቱ ከኅብረተሰቡ የወጣች፣ ቋንቋውን የምታውቅ ባለሙያ ለየቀበሌው መስጠቱ ነው። ይሁን እንጂ ለአርሶ አደር፣ ለአርብቶ አደርና ለከተማ ተብሎ የተከፈለው ትምህርት በአንድ ዞን ውስጥ ያለውን ልዩነት ሲዘነጋ ድክመቱ ይታያል።

ለዚህ ጌዴኦ በቂ ማሳያ ነው። በዲላ ዙሪያ ባሉ ዝቅተኛ ስፍራዎች ወባ የሚያሰጋ ሲሆን ወደ ደጋው ሲወጣ ስርጭቱ ይቀንሳል። ዋናው ምግብ ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ነው። እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ በተደራረቡበት ጠባብ ማሳ ለግጦሽ የሚተርፈው መሬት እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ እናትን «ለልጅሽ ወተት ስጪ» ማለት፣ ከየት እንደምታመጣው ካልተጠየቀ፣ ከምክር ይልቅ ወቀሳ ይሆናል። እጅ ሁሉ ለቡና ለቀማ በሚፈለግበት ወቅት የሚያዝ የክትባት ቀጠሮም እንዲሁ ነው።

ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ማሳውን ለትውልድ ያቆየው ይኸው ዕውቀት ለጤና ትምህርትም መነሻ ሊሆን ይገባል። በጓሮ ቦሎቄና ጎመን መትከልን፣ ከቡናው ገቢ ለጥራጥሬ መመደብን በሶንጎ ሽማግሌዎች ፊት መምከር ይቻላል። የትምህርቱ ውጤትም መለካት ያለበት በተሰጠው ገለጻ ብዛት ሳይሆን ቤተሰቡ ሊፈጽመው በቻለው ነገር ነው።