አሥራ ሦስቱ ቃላት

ቤተሰቤ ተኳርፏል። ምክንያቱ መሬት ወይም ውርስ እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህታችን ዋሺንግተን ናት። ታናሽ ወንድማችን ጎንደር፣ አንዲት የአጎታችን ልጅ ዱባይ፣ የቀረነው አዲስ አበባ። የምንገናኘው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። በዓል ሲደርስ የዶሮ ወጥ ፎቶ፣ የጥምቀት ቪዲዮ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ዓመት እህታችን ሐኪም የነገራትን ነገር እዚያው ግሩፕ ላይ ጻፈች። ሦስት ሳምንት አምጣ ነው የጻፈችው። በአራተኛው ቀን ዕድር ላይ አንዲት የሰፈራችን እናት ጠጋ ብለው «እህትህን እግዚአብሔር ይማርልህ፤ ጡቷን ነው አሉ?» አሉኝ። ክው አልኩ። ከመካከላችን አንዱ ስክሪንሾት አንስቶ «ጸልዩላት» ብሎ ለሰው ልኮ ኖሯል። ክፋት የለበትም፤ ግን ሄደ። እህቴም ሰማች። አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ግሩፑን ለቅቃ ወጣች።

የእህቶቼ ልጅ የሆነ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠና ጎረምሳ አለ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የአፑ ነው» አለኝ። «ያልተማከለና ምስጢር የሚጠብቅ አፕ እንምረጥ። እርስዎ ይወስኑና ሁላችንም እንገባለን።» በአንድ ምሽት ስድስት አፕ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። እኔ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኖርኩበት ዘመን የቀረችኝ አንዲት ልማድ አለች። ማንኛውም ጽሑፍ እጄ ሲገባ «ተናጋሪው ማነው? ምን ያህል ያውቃል? ምንስ ሳይነግረን አለፈ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልብ ወለድ ላይ የሚሠራ ጥያቄ አፕ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው።

ከቴሌግራም ጀመርኩ። አገሩ ሁሉ «ምስጢር ጠባቂ» ይለዋል። ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ብትፈልጉ ግን «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ምርጫ ታገኛላችሁ። እስቲ አስቡት! አንድ ሆቴል ገብታችሁ ከመኝታ ክፍሎቹ በአንዱ በር ላይ ብቻ «ይኼኛው ይቆለፋል» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ስለሌሎቹ ምን ትረዳላችሁ? ተራው ውይይት መንገድ ላይ ይመሰጠራል፤ ቁልፉ ግን ኩባንያው ዘንድ ነው። ግሩፕ ደግሞ ጭራሽ ሚስጥራዊ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ፓሪስ አጠገብ ተያዘ፤ በወሩ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የሕግ ተላላፊዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ብዙዎች ተደናገጡ። ጽሑፉን ያነበበ ግን አይደናገጥም ነበር፤ ከመጀመሪያውም መስጠት የሚችል ሆኖ ነው የተሠራው።

ዋትስአፕ በዚህ በኩል ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፤ ባለቤቱም አያነበውም። ማን ለማን፣ መቼ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደጻፈ ግን ማወቅ ይችላል። ደብዳቤውን ሳይከፍት ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ እንደሚመዘግብ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ማለት ነው። አንዲት ሴት በሳምንት ሦስት ጊዜ ለካንሰር ሐኪም ከጻፈች የደብዳቤው ይዘት ቢቀርባችሁስ ምን ጎደለባችሁ? ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የፌስቡክ መስመር ስድስት ሰዓት ያህል ሲወድቅ ዋትስአፕም አብሮ ወደቀ። ምሰሶው አንድ ነዋ!

ወደ «ያልተማከለው» ልምጣ። የልጁ ዓይን የሚበራው እዚህ ላይ ነው። ማትሪክስ የሚባለው እንደ ኢሜይል ነው፤ አንድ ባለቤት የለውም። የፈለገ የራሱን ሰርቨር ያቆማል፣ ሰርቨሮቹም እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቻፕ የሚባል መልእክት መለዋወጫ የሠራው በዚሁ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ዕድር በዕድር ተያይዞ ከተማ እንደመሆን ነው። ነገር ግን ሰርቨር የሚያቆመው ማነው? እኔ አልችልም። «እኔ አቆመዋለሁ» አለ ልጁ። እንግዲያውስ ማን ከማን ጋር እንደተጻጻፈ የሚያየው እሱ ሊሆን ነው! የአክስቱን አድራሻ መዝጋቢ ከኩባንያ ወደ እህት ልጅ ማዛወር ለእኔ እፎይታ አልሆነልኝም። ደግሞም የግሩፑ ቅጂ አባላቱ ባሉባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ላይ ይቀመጣል። ልጁ ሁለት ነገር እያቀላቀለ ነበር፤ ያልተማከለ ማለት ምስጢር ጠባቂ ማለት አይደለም። ሲግናል የተማከለ ነው፣ በአንድ ድርጅት እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፍርድ ቤት በመጥሪያ ሲጠይቀው ግን ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነው። ሌላውን መጀመሪያውኑ አላስቀመጠውም።

ሴሽን የሚባለው ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። ይኼ ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሲም ካርዳችን በመታወቂያ የተመዘገበ ነውና። በምትኩ ስድሳ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያ ይሰጣችኋል። አካውንታችሁን መልሳችሁ የምታገኙበት ደግሞ አሥራ ሦስት ቃላት አሉ፤ ከጠፉ ጠፉ። ለጎንደሩ ወንድሜ በስልክ አንድ በአንድ አስጻፍኩት። የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ስንሳሳት፣ ስንሳሳቅ አንድ ሰዓት ፈጀን። ዕድር ደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፋቸው። በወሩ ስልኩ ተሰረቀ፤ ደብተሩ ደግሞ አዲስ ለተመረጠው የዕድር ጸሐፊ ተላልፎ ኖሯል። አቤት የሚባልበት ዳኛ የለም፤ «ረሳሁት» የሚል ቁልፍ የለም። ጌታ የሌለው ቤት ነፃነቱ ይኼ ነው፣ ዋጋውም ይኼው ነው።

ወንድሜን ካነሳሁ አይቀር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ስድስቱም አፕ ቢኖረው ምን ይፈይዱለት ነበር? ያልተማከለ ሰርቨር ቢሊዮን ቢሆን መንገዱ ከተዘጋ ያው ነው። የዚህ አገር ሰው ይህን ለመማር አዲስ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ቆይቷል፤ በሰኔ 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። ከስድስቱ ለዚህ መልስ ያለው ብራየር የሚባለው ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ችግሩ ብሉቱዝ ከአንዱ ግቢ ወደ ጎረቤት ግቢ እንጂ ከጎንደር አዲስ አበባ አይደርስም። አይፎን ላይም የለም፤ የእህቴ ስልክ ደግሞ አይፎን ነው። ያኔ ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው በተራ የስልክ ጥሪ ነበር፣ መስመሩ ሲገኝ። «ዝናቡ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ማታ ማታ ይከብዳል» ይለኛል። ስለ ዝናብ አልነበረም የምናወራው።

ይህን ከአባታችን ነው የተማርነው። በደርግ ጊዜ አባቴ ስልክ ላይ «በሬው ተሻገረ» ሲባሉ የአጎቴ ልጅ ሱዳን ገባ ማለት እንደሆነ ልጅ ሳለሁ ገብቶኛል። ሰርቨር የለው፣ ሶፍትዌር የለው፤ ቁልፉ በሁለት ሰው ልብ ውስጥ ነው። (ተማሪዎቼ ቅኔ ምን ያደርግልናል ይሉኝ ነበር።)

ብቻ የቱንም ቁልፍ ብትመርጡ በሩን ከውስጥ የሚከፍት ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በሲግናል ስለ የመን ጥቃት ሲወያዩ በስህተት የአትላንቲክ መጽሔትን ዋና አዘጋጅ ግሩፑ ውስጥ አስገብተውት ተገኙ። ምስጠራው አልተሰበረም፤ ጋዜጠኛውም እየተመሰጠረ ነበር የሚደርሰው! የእኛም እንዲሁ ነው። ስክሪንሾት ያነሳው የገዛ ወንድማችን ነው፣ ሰርቨር አይደለም።

ለልጁ ይህን ስነግረው ተናደደ። «እንግዲያው ምንም ልዩነት የለውም እያሉኝ ነው?» አለኝ። ልዩነትማ አለው። ለእህቴ ሕመም የምፈልገው አፕ ለወንድሜ ደኅንነት ከምፈልገው ይለያል፤ ለዶሮ ወጥ ፎቶ የምፈልገው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። አንዱን መርጬ ሁሉንም ላስገባ ስል ነው የተሳሳትኩት። የቴሌግራሙ ግሩፕ ለበዓል ይቆይ አልን። ጎንደር ላይ ወንድሜና የሚስቱ ቤተሰቦች ብራየርን ጭነዋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ናቸውና ለእነሱ ይጠቅማል። ለእህቴ ሲግናል ላይ አዲስ ግሩፕ ከፈትኩ፤ አምስት ሰው ሳይሆን ሁለት፣ እሷና እኔ። መልእክቱ በሳምንቱ ራሱን እንዲያጠፋ አደረግነው። ሌላው ስልኩን ፎቶ ቢያነሳውስ? ሌላው እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ዝም አለች። ከዚያ አንድ ማታ የሚቀጥለውን ሕክምና ቀንና ሰዓት ብቻ ላከች። ደጋግሜ አነበብኩት። በሳምንቱ ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ቀኑን በእስክርቢቶ ከብቤው ነበር፤ ባለቤቴ «ይኼ ቀን ምንድነው?» አለችኝ፤ «የማስታወቂያ ክፍያ» አልኳት።