የመሣሪያው ቁጥርና እውነተኛው ልክ፤ ስለ አንድ የልምምድ መምሪያ የቀረበ ሒስ

የማይክሮዌቭ ሲግናል ጄኔሬተር ማለት የሬዲዮ መቀበያን ለመመርመር የታወቀ ምልክት በታወቀ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። «የታወቀ» የሚለው ቃል ከተነሣለት ተራ ማሰራጫ ሆኖ ይቀራል። በተማሪዎች እጅ የሚዘዋወረውን አንድ የልምምድ መምሪያ በዚሁ ቃል ልንመዝነው አስበናል።

መምሪያው ምስጋና አይነፈገውም። የቫሪያን ወንድማማቾች በ1937 እ.ኤ.አ. ከፈለሰፉት ክላይስትሮን አንሥቶ ፍሪኩዌንሲው ከክሪስታል እስከሚወጣበት እስከ ዛሬው ሲንቴሳይዘር ድረስ ታሪኩን በግልጥ ይተርካል። ነቀፌታችን ስለ ኃይል ልክ በሚናገረው ላይ ነው። ለዚህ የሰጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ተማሪው በመሣሪያው ፊት የሚታየውን ቁጥር እንዲጽፍ ያዛል።

አመዛዘኑ የተገለበጠ ይመስለናል። ሴኮንድ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ተወስኗል፤ ይኸውም ራሱ የማይክሮዌቭ ፍሪኩዌንሲ ነው። የአቶም ሰዓት የተሸከሙ ሳተላይቶች ይህን ልክ በየአገሩ ስለሚያሰራጩ፥ በመካነ ሰላም ያለ ሰው አንቴና አቁሞ ሊቀበለው ይችላል። የኃይል ልክ ግን ከሰማይ አይወርድም። የተመሰከረለት የኃይል መለኪያ በመኪና ተጭኖ ሊመጣ፥ ወይም ጄኔሬተሩ ራሱ ወደ መመሳከሪያው ሊወሰድ ግድ ነው።

ቸልታው ምን ያመጣል? ጄኔሬተሩ ከሚያሳየው በ3 ዴሲቤል አብልጦ፥ ማለት እጥፍ ኃይል ቢሰጥ፥ ቁጥሩ −75 ዲቢኤም ሲል መቀበያው የሚያገኘው −72 ነው። ተማሪው «መቀበያው በ−75 ይሠራል» ብሎ ይጽፋል፤ መቀበያው ግን የዚህን እጥፍ ይፈልጋል። ደግሞም ገመዱ 3 ዴሲቤል ቢያስቀር ሁለቱ ስሕተቶች ይሸፋፈናሉ፤ ገመዱ በተለወጠ ቀን ውጤቱ ይፈርሳል። መምሪያው ስለ ገመድ አንድ ቃል እንኳ የለውም።

ነገሩ የወረቀት ክርክር አይደለም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋው በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተከፋፈለ ስለሆነ፥ በዚያ የሚዘረጋ የማይክሮዌቭ መስመር ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ርቆ መሻገር አለበት። በ7 ጊጋ ኸርዝ 50 ኪሎሜትር የሚጓዝ ምልክት በርቀቱ ብቻ 143 ዴሲቤል ያህል ይደክማል። ለክፉ ቀን የተተወው ትርፍ በወረቀት 30 ዴሲቤል ተብሎ እውነቱ 27 ቢሆን፥ ጉድለቱ የሚታወቀው ምልክቱ እጅግ በደከመበት ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜም ሐኪም የሚጠራ ሰው ስልኩ ይቋረጥበታል።

ስለዚህ መምሪያው ሲታረም ልምምዱ ከጄኔሬተሩ ሳይሆን ከኃይል መለኪያው እንዲጀምር እንጠይቃለን። ኃይሉ መቀበያው በሚገጠምበት በገመዱ ጫፍ በ0 ዲቢኤም አካባቢ ይለካ፤ ከዚያ በታች ማዳከሚያው በየ10 ዴሲቤሉ ይመርመር። በሰንጠረዡም መሣሪያው መቼና የት እንደተመሳከረ የሚጻፍበት ዓምድ ይኑር። መመሳከሪያ ባይገኝ ተማሪው «አልተመሳከረም» ብሎ በግልጥ መጻፍን ይማር።

አገራችን በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አቋቁማለች፤ የልክን ጥቅም በተማሪ ልቡና ማሳደር ግን የመምህራንና የመምሪያዎች ፈንታ ነው። አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። እኛም ከመስፈራችን በፊት ቁናው ራሱ በምን እንደተሰፈረ እንጠይቅ።