አዲስ ዘመን ከአዊ ሲነበብ

የአማርኛው ዕለታዊ ጋዜጣ የአዲስ ዘመን ታሪክ ዘወትር የሚተረከው ከአዲስ አበባ፣ ከአዘጋጆች ጠረጴዛና ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ማን አዘጋጀው፣ ማን ሳንሱር አደረገው፣ ማን ከቦታው ተነሣ የሚሉት ጥያቄዎች ተደጋግመው ተነሥተዋል። ጋዜጣው የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የአዊ ከተሞች ወደሆኑት ዳንግላና እንጅባራ ሲደርስ ለማን እንደሚናገር ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ይህ ዳሰሳ አዲስ ዘመንን ከዚያ ወገን ያነበዋል።

ጋዜጣው የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገቡ ከአንድ ወር በኋላ። ኢጣሊያን ያስወጣው ይህ ድል ከዋና ከተማው በፊት በአዊ ምድር አልፏል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ አቀኑ። በየካቲት የኢጣሊያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ። የዘመቻው አንዱ መሣሪያ ደግሞ ኅትመት ነበር። የቀድሞው የጦር ሜዳ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር፤ የንጉሡ ማኅተም ያረፈባቸው አዋጆችም ከአውሮፕላን ይበተኑ ነበር። አዲስ ዘመን ከመወለዱ በፊት ጎጃም የታተመ የአማርኛ ቃል ከምዕራብ፣ ከሱዳን በኩል ደርሶታል ማለት ነው። የፕሬስ ታሪካችን ይህን ምዕራፍ በአንድ አንቀጽ ማለፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

አዲስ ዘመን ሲጀምር ሳምንታዊ ነበር፤ ዕለታዊ የሆነው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከእሱ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያ ያዘጋጀው «አእምሮ» መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሰራጭ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም አንባቢው ጥቂት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በየቀኑ የሚወጣ ጋዜጣ ላይ መድረስ ቀላል መንገድ አልነበረም።

በዚህ ሂደት አማርኛ ራሱ ተለውጧል፤ የጋዜጣው ትልቁ ውለታም እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁንና በዓሉ ግርማ በአዘጋጅነቱ ወንበር ተፈራርቀዋል። የሁለቱም ልቦለዶች አጭርና ፈጣን ዓረፍተ ነገር፣ ጉዳዩን ያለ ረጅም መግቢያ የመጀመር ልማድ፣ በየቀኑ ገጽ መሙላት ካለበት ሰው እጅ የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያው ተቋም ግን መንግሥትን የመተቸት ነጻነት አልነበረውም፤ የዘውዱን፣ የደርግን፣ ከ1983 ወዲህም የተከታዮቹን መንግሥታት ቋንቋ በየተራ ተናግሯል። በዓሉ ሥርዓቱን የተቸበትን ልቦለዱን «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳትሞ በ1976 ደብዛው ጠፋ። በመንግሥት ጋዜጣ የተቀረጸ ብዕር ሊጽፍ የፈለገውን ለመጻፍ ወደ ልቦለድ መሸሹ ስለ ጋዜጣው ብዙ ይናገራል።

ከዳር ሲታይ ሌላ ነገር ይጎላል። አዲስ ዘመን በክፍለ ሀገር ከተሞች የሚታወቀው ከርእሰ አንቀጹ ይልቅ በጨረታ ማስታወቂያው ነው። ተጫራች ነጋዴ፣ የፋይናንስ ሠራተኛ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ገጹን የሚገልጡት ለዚሁ ነው። ይህን መናቅ አይገባም፤ ማስታወቂያው ጋዜጣውን ከመሥሪያ ቤትና ከገበያ ጋር አስተሳስሮ አቆይቶታል። ነገር ግን የቢሮ ሰው የሚያነበው ጋዜጣ የገበሬው ጋዜጣ አልሆነም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ980 ሺህ በላይ ከነበረው የአዊ ዞን ሕዝብ 87 ከመቶ ያህሉ ገጠር ነዋሪ፣ 45 ከመቶ ያህሉ ደግሞ አፉን በአዊኛ የፈታ ነበር።

እዚህ ላይ የቤንጋል ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ያኔ በፓኪስታን ሥር በነበረችው ዳካ «ኢቴፋቅ» የተባለው ጋዜጣ በ1953 እ.ኤ.አ. ዕለታዊ የሆነው ሰዎች ለቤንጋሊ ቋንቋ ከሞቱበት የካቲት 1952 በኋላ ነው። በአዘጋጁ በቶፋዛል ሆሴን ብዕር የተቃውሞ ድምፅ ሆነ፤ በ1971 የፓኪስታን ጦር ማተሚያ ቤቱን አቃጠለው። አዲስ ዘመን በመንግሥት ቃል ተወለደ፣ ኢቴፋቅ በመንግሥት ላይ። ሁለቱም ግን ዕለታዊ ጋዜጣ ለቋንቋ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ ይመሰክራሉ።

አዊኛ ያን ጉልበት ገና አላገኘም። በ1987 ዓ.ም. «በኩር»ን የጀመረው የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን በአዊኛ «ቺርቤዋ»ን ያሳትማል፤ የሬዲዮ ሥርጭትም አለው። አዊኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቋንቋም ሆኗል። ስለዚህ ፊደል የቆጠረ አንባቢ አለ፤ የጎደለው በየቀኑ የሚነበብ ነገር ነው። ዕለታዊ ጋዜጣ ዛሬ በአዊኛ ይውጣ ማለት ወጪውን አለማየት ይሆናል፤ «ቺርቤዋ»ን ግን በገጽም በድግግሞሽም ማሳደግ ይቻላል።

የአዲስ ዘመን ጥራዞች አዲስ አበባ፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ፤ የእንጅባራ ተመራማሪ ግን እነሱን ለማገላበጥ አዲስ አበባ ለመውረድ መገደድ የለበትም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቅጂዎቻቸውን ያስመጣ፤ «ቺርቤዋ»ንም ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ሰብስቦ ያስጠርዝ። ጋዜጣው የ1960ውን የጎጃም ገበሬዎች አመፅ እንዴት ጻፈው፣ በቀድሞ ስሙ አገው ምድር ስለሚባለው አዊስ በየዘመኑ ምን አለ የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።